ቀድመው የሚያብቡ ስኖውድሮፖች፦ የትኛው ዝርያ፣ ለየትኛው ቦታ፣ በምን መልኩ ይገዛ?

ስኖውድሮፕ ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ አንገቱን የደፋ ነጭ አበባ፣ ከውስጡ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከስሩ ሁለት ቅጠል። የሻጮች ዝርዝር ሲገለጥ ግን ስሙ በመቶ ይቆጠራል፣ ዋጋውም ከሳንቲም ተነስቶ ለአንዲት ኮረት መቶ ፓውንድ ሲያልፍ ይታያል። (ኮረት የምንለው የሽንኩርት ራስ የመሰለውን ከአፈር በታች ያለውን አካል ነው።) ግራ የሚያጋባው ደግሞ ብዙዎቹ «ቀድሞ የሚያብብ» ተብለው መሸጣቸው ነው። ለአንዱ «ቀድሞ» ማለት ኦክቶበር ነው፤ ለሌላው የጃንዋሪ መጨረሻ።

ወራቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጠራለን፤ የሻጮች ዝርዝርም የሚጻፈው በዚያው ነው። ክረምት ስንል ብርዱን፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን፣ በጋ ስንል ሙቀቱን፣ ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ብርድ ባለበት አገር ለሚተክል ሰው ሁሉም ላይ ስድስት ወር ይደመር።

በምን እንመዝን?

ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ብርድ። ኮረቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ለተከታታይ ሳምንታት ካልቆየ አበባው ይሰንፋል ወይም ጭራሽ ይቀራል። ክረምቱ ለስላሳ በሆነበት ቦታ ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች በሙሉ ገንዘብ ማባከን ናቸው።

ከዚያ በኋላ ዋናው መለኪያ የአትክልት ቦታው በጋ ነው። ይህ ገዢን ያስገርማል፤ አበባውን የምናየው በብርዱ ነውና። ነገር ግን ስኖውድሮፕ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሙቀቱ ወራት፣ ማንም ሳያየው ነው። ቅጠሉ ሜይ ላይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ወዲህ ኮረቱ እስከ በጋው ማብቂያ ተኝቶ ይቆያል። የተኛበት አፈር ከዛፍ ጥላ ስር ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለና እርጥበት የማያጣ ከሆነ አንዱ ወገን ይመቸዋል። ከግድግዳ ስር ያለ፣ ፀሐይ የሚያግለው ጠጠራማ አፈር ከሆነ ደግሞ ሌላው። ሁለቱን አቀያይሮ መትከል አበባ ወዳዶች በብዛት የሚፈጽሙት ስህተት ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የመዋለድ ፍጥነት ነው። በየሁለት ዓመቱ እጥፍ የሚሆን አንድ ኮረት በ10 ዓመት 32 ይደርሳል፤ በየአራት ዓመቱ እጥፍ የሚሆነው በዚያው ጊዜ ገና አምስት ወይም ስድስት ነው። ገበያ ላይ ዋጋ የሚቆርጠውም በአብዛኛው ይኸው ሂሳብ ነው። ውድ ኮረት ማለት ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚዋለድ ወይም ገና አዲስ የሆነ ኮረት ማለት ነው፤ ከርካሹ ያማረ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የሚያብብበት ትክክለኛ ጊዜ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረውን ወር እንደ ቀጠሮ አይቁጠሩት፤ የጠነከረ ውርጭ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊያዘገየው ይችላል። በተተከለ በመጀመሪያው ዓመትም ጊዜውን ስቶ ማበብ የተለመደ ነው። አራተኛው መለኪያ ኮረቱ ለሽያጭ የሚቀርብበት መልክ ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ከዝርያዎቹ በኋላ እንመለስበታለን።

ጋላንተስ ሬጂኔ-ኦልጌ፦ የኦክቶበሩ

ጋላንተስ የስኖውድሮፕ ሳይንሳዊ የወገን ስም ነው፤ ከወገኑ ከሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። የግሪክ፣ የሲሲሊና የደቡብ ባልካን ተክል ሲሆን ስሙ የግሪኳን ንግሥት ኦልጋ ያስታውሳል። በኦክቶበርና በኖቬምበር ያብባል፤ አበባው ሲወጣ ቅጠሉ ገና የለም፣ ካለም ጫፉ ብቻ ነው። ቅጠሉ ኋላ ሲያድግ በጥቁር አረንጓዴው መካከል ብርማ ግራጫ መስመር ይዘረጋል፤ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ነው።

የመጣበት አገር በጋ ደረቅና ሞቃት ነው፤ ኮረቱ ያንን ይፈልጋል። ከአፈሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደቃቅ ጠጠር ሆኖ፣ ፀሐይ በሚያገኝ፣ ውሃ በማያቁር ቦታ ይተከል። በእርጥብ ጥላ ሲተከል ወዲያው አይሞትም፤ ለዚህም ነው ሰው የሚሸወደው። በመጀመሪያው ዓመት ያብባል፣ በሁለተኛው ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ በሦስተኛው ቅጠሉ ክር ያክላል፣ ከዚያ ምልክቱ ብቻ ይቀራል።

ሌላም ችግር አለው። የሚያብበው ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ሰሞን ስለሆነ ርጋፊው አበባውን ይቀብረዋል፤ ቅርፊት አልባው ቀንድ አውጣም ገና አልተኛም። ከሴፕቴምበር መጨረሻ ጀምሮ ቦታውን መጥረግና በማታ በባትሪ እየተዞረ ተባዩን መልቀም ግድ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሜዳ ላይ ከሚሆን ይልቅ በማሰሮ ቢያዝ ይሻላል።

ሲገዙ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የትኛው ንዑስ ዝርያ ነው? «ቬርናሊስ» የሚባለው ንዑስ ዝርያ የሚያብበው ከጃንዋሪ ወዲያ ነው። በኦክቶበር አበባ ጠብቆ ባዶ መሬት ሲያይ የከረመ ገዢ ብዙ ጊዜ የገዛው እሱን ነው።

ጋላንተስ ኤልዌሲ፦ ሰፊ ቅጠሉ

ስሙ የተሰጠው ለእንግሊዛዊው ሄንሪ ጆን ኤልዌስ ነው፤ በ1874 በስምርና፣ ማለትም በዛሬዋ ኢዝሚር አካባቢ አገኘው። በግሎስተርሻየር የሚገኘው የቤተሰቡ ርስት ኮልስቦርን ዛሬም በስኖውድሮፕ ስብስቡ ይታወቃል። ቅጠሉ ሰፊና ግራጫማ ነው፤ ሲወጣ አንዱ ሌላውን እንደ ነጠላ ያጣፋዋል። የውስጠኛው የአበባ ቅጠል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አረንጓዴ ምልክት ይታያል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ቁመቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ተራው ኤልዌሲ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ያብባል። «ሂማሊስ» ተብሎ የሚመደበው ወገን ግን በኖቬምበርና በዲሴምበር ነው፤ በውስጠኛው የአበባ ቅጠል ላይም ብዙውን ጊዜ አንድ ምልክት ብቻ አለው። በስም ተለይተው ከሚሸጡት ቀዳሚዎች ውስጥ «ባርንስ» ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ይታያል፤ «ሚስስ ማክናማራ» ደግሞ ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ ያብባል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው «ሚስስ ማክናማራ»ን ይውሰድ፤ ረጅም፣ ጠንካራና በደንብ የሚዋለድ ነው።

የዚህ ዝርያ ትልቁ ጥቅም ቻይነቱ ነው። ውሃ እስካልቆመበት ድረስ ከፊል ፀሐይም፣ በጋ ላይ ጥቂት የሚደርቅ አፈርም፣ ኖራማ አፈርም ይችላል። በጥቅል ደርቆ የሚሸጠው ኮረትም ከሌሎቹ በተሻለ ይተርፋል። ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው አንድ ዘዴ አለ፦ ተራ ኤልዌሲ በዘር የተራባ በመሆኑ እርስ በርሱ ይለያያል። ሃምሳ ኮረት ገዝቶ መትከል፣ በየዓመቱ ከሁሉ ቀድመው ያበቡትን ሦስት አራቱን በእንጨት ምልክት ማድረግ፣ አበባቸው ሲያበቃ ነቅሎ ለብቻ ማዛወር። ሁለት ዓመት ተከታትለው ቀዳሚ ሆነው የተገኙት በስም ከሚሸጡት ባልተናነሰ ሊቀድሙ ይችላሉ። ስም ብቻ አይኖራቸውም።

ጋላንተስ ፕሊካተስ እና «ስሪ ሺፕስ»

ፕሊካተስ የክራይሚያ፣ የሩማንያና የሰሜን ምዕራብ ቱርክ ተክል ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ኋላ እንደተቀመቀመ ልብስ ይታጠፋል። ዝርያው ራሱ ቀዳሚ አይደለም፤ ከእሱ የወጣው «ስሪ ሺፕስ» ግን በፈረንጆች ገና ሰሞን ያብባል። በ1984 ሳፎክ ውስጥ በሄንሃም ፓርክ ተገኘ። አበባው ክብና ትልቅ ሆኖ ላዩ ጥቂት የተጨማደደ ነው። የበሰበሰ ቅጠል የበዛበት፣ በጋ ላይ ጨርሶ የማይደርቅ አፈር ይወዳል፤ ከበድ ያለ አፈርንም ከኤልዌሲ በተሻለ ይችላል። የሚዋለደው በዝግታ ስለሆነ ዋጋው ቶሎ አይወርድም።

«አትኪንሲ»፦ ሥራውን የሚያውቅ

ለብዙ አትክልት ቦታዎች ትክክለኛው መልስ ይህ ይመስለናል። በጃንዋሪ ያብባል፣ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይቆማል፣ የውጪ የአበባ ቅጠሎቹ ረዘም ያሉ ናቸው። ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በግሎስተርሻየር፣ በፔንስዊክ ይኖር ከነበረው ጄምስ አትኪንስ የመጣ ነው። ቶሎ ስለሚዋለድ ዋጋው መጠነኛ ነው። ዘር ስለማያፈራም በዙሪያው ተመሳሳይ እየመሰለ የሚያደናግር ችግኝ አይበቅልበትም።

አንድ ማጭበርበሪያ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሆን ተብሎ የሚደረግ አይደለም። «ጄምስ ባክሃውስ» የሚባል ተመሳሳይ አይነት «አትኪንሲ» ተብሎ ይሸጣል። ከአበቦቹ መካከል ትርፍ ወይም የተጣመመ የአበባ ቅጠል ያላቸው በየዓመቱ ከበዙ የተገዛው እሱ ነው። ለአትክልት ቦታ ያው ጠንካራ ተክል ነው፤ ለሰብሳቢ ግን የተሳሳተ መለያ ነው።

ኒቫሊስ፣ ዎሮኖዊ እና ቢጫዎቹ

ጋላንተስ ኒቫሊስ ከፒሬኒ ተራሮች እስከ ዩክሬን የሚበቅለው የታወቀው ስኖውድሮፕ ነው። ከጃንዋሪ መጨረሻ በፊት አይጠበቅም። ሆኖም በጥላ ስር፣ እርጥበት በሚይዝ አፈር ላይ በርካሽ ሰፊ ቦታ ለመሸፈን እሱን የሚተካ የለም። «ፍሎሬ ፕሌኖ» የሚባለው ድርብርቡ ዘር ባይሰጥም በኮረት በፍጥነት ይሰፋል፤ ንቦች ግን ያን ያህል አይጠቀሙበትም።

ዎሮኖዊ ቅጠሉ እንደ ተቀባ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው፤ ከጆርጂያና ከሰሜን ምሥራቅ ቱርክ ይመጣል። በደረቅ ኮረትነት በብዛት ይሸጣል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ አበባው ግን ቀዳሚ አይደለም። ለቀዳሚነት ብሎ የሚገዛው ሰው አይኑር።

ቢጫ ምልክት ያላቸው የሰብሳቢዎች ጨዋታ ናቸው። «ጎልደን ፍሊስ» በ2015 በኢንተርኔት ጨረታ በ1,390 ፓውንድ፣ «ጎልደን ቲርስ» በ2022 በ1,850 ፓውንድ ተሸጠዋል፤ ለአንድ ኮረት ነው። ቢጫ ለሚወድ ጀማሪ «ዌንዲስ ጎልድ» ይበቃዋል። ከፕሊካተስ ወገን ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ ቢጫውም ጥቂት ፀሐይ ሲያገኝ ይደምቃል።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አይነት | የአበባ ጊዜ | በጋ ላይ የሚወደው አፈር | የመዋለድ ፍጥነት | ዋጋ | የተሻለ የመግዣ መልክ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሬጂኔ-ኦልጌ | ኦክቶበር–ኖቬምበር | ደረቅ፣ ሞቃት፣ ጠጠራማ | ዝግተኛ | ከፍ ያለ | በማሰሮ |
| «ባርንስ» (ኤልዌሲ) | ኦክቶበር መጨረሻ–ኖቬምበር | ውሃ የማያቁር፣ ከፊል ፀሐይ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | በማሰሮ ወይም ትኩስ የተኛ ኮረት |
| «ስሪ ሺፕስ» (ፕሊካተስ) | ዲሴምበር | ቀዝቃዛ፣ እርጥበት ያለው | ዝግተኛ | ከፍ ያለ | በማሰሮ |
| «ሚስስ ማክናማራ» (ኤልዌሲ) | ዲሴምበር መጨረሻ–ጃንዋሪ | ውሃ የማያቁር፣ ከፊል ፀሐይ | ጥሩ | መካከለኛ | ትኩስ የተኛ ኮረት ወይም በማሰሮ |
| «አትኪንሲ» | ጃንዋሪ | ከፊል ጥላ፣ ለም | ፈጣን | መካከለኛ | ከነቅጠሉ |
| ተራ ኤልዌሲ | ጃንዋሪ–ፌብሩዋሪ | ጥቂት ድርቀት ይችላል | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ደረቅ ኮረት፣ ቶሎ ከተተከለ |
| ኒቫሊስ | ጃንዋሪ መጨረሻ–ፌብሩዋሪ | ጥላ፣ እርጥበት ያለው | ፈጣን | በጣም ዝቅተኛ | ከነቅጠሉ |

ደረቅ፣ ከነቅጠሉ፣ ትኩስ የተኛ ወይስ በማሰሮ?

ብዙ ገዢ ዝርያ ሲመርጥ ሳምንት ይፈጅና መልኩን ሳያስብበት ይከፍላል። ኪሳራው ያለው ግን እዚህ ነው።

ደረቅ ኮረት በሴፕቴምበርና በኦክቶበር በጥቅል ይሸጣል። ችግሩ የስኖውድሮፕ ኮረት ትንሽና ስስ ልባስ ያለው መሆኑ ነው፤ እንደ ሽንኩርት መጋዘን አይከርምም። ሞቃት መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር እየተሟጠጠ ይሄዳል። ከመግዛትዎ በፊት በጣት ይጫኑት፦ እንደ ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ፍሬ ጠንከር ካለ ደህና ነው፤ ከቀለለ ወይም ልባሱ ውስጥ ከተንኳኳ የሞተ ነው። ተራ ኤልዌሲና ዎሮኖዊ ይህን ጉዞ በተሻለ ይችሉታል፤ ኒቫሊስ ብዙውን ጊዜ አይችልም። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ማሳደር፣ በማግሥቱ መትከል።

ከነቅጠሉ የሚሸጠው አበባው እንዳበቃ ተነቅሎ በእርጥብ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚላክ ነው። ለረጅም ጊዜ ብቸኛው ትክክለኛ መንገድ ይህ ነው ሲባል ቆይቷል፤ ከደረቀው ይሻላል፣ ፍጹም ግን አይደለም። የስኖውድሮፕ ሥር ከተበጠሰ በዚያው ወቅት መልሶ አይተካም። ሲነቀል ሥሩ የተጎዳ ኮረት ቅጠሉን በወጉ መመገብ አይችልም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሳያብብ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፖስታው በደረሰ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይተከል፤ ሥሩ ሳይታጠፍ ወደ ታች ተዘርግቶ፣ በግንዱ ላይ ነጩ ወደ አረንጓዴ የሚለወጥበት መስመር ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል እንዲሆን። ወዲያው ውሃ ይጠጣ። ቅጠሉን ማሰርም መቁረጥም ክልክል ነው።

ትኩስ የተኛ ኮረት ማለት በጁንና በጁላይ፣ ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ተቆፍሮ በጥቂቱ በራሰ ነገር ታሽጎ የሚላክ ነው። አሮጌው ሥር በራሱ ጊዜ ሞቷል፣ አዲሱ ገና አልጀመረም፤ የሚበጠስ ነገር የለም። ለብቻቸው ስኖውድሮፕ ላይ የሚሠሩ ሻጮች የሚያቀርቡት ይህን ሲሆን በምርጫው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጊዜው ግን አይታለፍ፦ ቀዳሚዎቹ ዝርያዎች በበጋው ማብቂያ ሥር መስደድ ስለሚጀምሩ ኦገስት ሳይገባ መሬት ሊይዙ ይገባል።

በማሰሮ የሚሸጠው ውዱ ነው። ለከፍተኛ ዋጋ ዝርያ ግን ርካሹ እሱ ነው፤ አበባውን አይተው፣ ቅጠሉን መርምረው ይገዛሉና። የሚመረመረውም ይኸው ነው፦ ሁለቱ ቅጠሎች ሲወጡ ፊት ለፊት ተገጣጥመው ከሆነ ኒቫሊስ ወይም ሬጂኔ-ኦልጌ ነው፤ አንዱ ሌላውን ከጠቀለለ ኤልዌሲ ወይም ዎሮኖዊ፤ ጠርዛቸው ወደ ኋላ ከታጠፈ ፕሊካተስ። እንደ «አትኪንሲ» ያሉ ድቅሎች ግን የሁለት ወላጅ መልክ ቀላቅለው ሊያሳዩ ይችላሉ። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር ካለ ቫይረስ ነው፤ ስሙ ምንም ያህል ቢያጓጓ ይተዉት።

አተካከሉ

ጉድጓዱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፤ በኮረትና በኮረት መካከል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይተው። በአፈሩ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የበሰበሰ ቅጠል ጨምረው ይቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ አይጨመር፤ ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለስላሳ ሆኖ ለሻጋታ ይመቻል።

ለማሰሮ ሁለት እጅ አፈር-ገብ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር ይደባለቅ። አፉ ከ11 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሰሮ ከአንድ እስከ ሦስት ኮረት ይበቃል። ማሰሮው አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ቢቀበር ሥሩ ከውርጭም ከሙቀትም ይድናል። አበባው ካለፈ በኋላ ቅጠሉ አረንጓዴ እስካለ ድረስ በየሁለት ሳምንቱ ፖታሽ የሚያመዝንበት ፈሳሽ ማዳበሪያ በግማሽ መጠን ይሰጠው። በበጋው ማሰሮው ጥላ ስር ይቀመጥ፤ አፈሩ አይራስ፣ እንደ አመድም አይድረቅ። ሬጂኔ-ኦልጌ ብቻ ከዚህ የበለጠ ድርቀት ይፈልጋል።

በጠንካራ ውርጭ ጠዋት አበባውም ቅጠሉም መሬት ላይ ተዘርሮ ቢገኝ አያስደንግጥ። ሲቀልጥ ተመልሶ ይነሳል።

የሚበላሸው እንዴት ነው?

ቀዳሚነት ዋጋ ያስከፍላል። ሌሎቹ ገና ከመሬት በታች ሳሉ ቀዳሚው ለስላሳ እርጥብ አየር ላይ ቅጠሉን ያወጣል፤ ቦትሪቲስ ጋላንቲና የሚባለው ግራጫ ሻጋታ የሚወደውም ያንን ነው። ቡቃያው እንደወጣ ግራጫ ሱፍ የለበሰ ከመሰለ ኮረቱን ከነአፈሩ ቆፍረው ያስወግዱ፤ ወደ ብስባሽ ክምር አይግባ። በተጨናነቀ እጅብታ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚዛመት እጅብታዎችን በየሦስት አራት ዓመቱ መከፋፈል ጥሩ መከላከያ ነው።

ስታጎኖስፖራ የሚባለው ሻጋታ ሌላው ነው። የቅጠሉን ጫፍ እሳት እንደነካው ያደርገውና ቡናማው ወደ ታች ይወርዳል። የነካውን ቅጠል ቆርጦ ማቃጠል፤ ደጋግሞ ከመጣ ኮረቱን መጣል።

ሦስተኛው የናርሲስ ኮረት ዝንብ ነው፤ ከንብ ዘመድ የመሰለ ጸጉራም ዝንብ። በሜይና በጁን፣ ፀሐይ በሞላበት ቦታ፣ እየሞተ ባለው ቅጠል ግርጌ እንቁላሉን ይጥላል፤ ትሉ ወርዶ የኮረቱን ልብ ይበላል። እዚህ ላይ ከላይ ያልነው ምክር ይጋጫል፦ ሬጂኔ-ኦልጌ የሚመቸው ሞቃት ቦታ የዝንቡም ቦታ ነው። ማስታረቂያው ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር እጅብታውን በደቃቅ መረብ መሸፈን፣ ቅጠሉ ሲነሳ የሚቀረውን ቀዳዳም በእግር መርገጥ ነው። በጥላ የሚኖሩት ኒቫሊስና «ስሪ ሺፕስ» ይህ ጣጣ ብዙም አይነካቸውም።

ኮረቱ ጋላንታሚንና ሌሎች አልካሎይዶች አሉት። ጋላንታሚን ለአልዛይመር ሕመምተኞች የሚሰጥ መድኃኒት ሆኗል፤ ኮረቱን መብላት ግን መመረዝ ነው። ነጭ ሽንኩርት ስለሚመስል ወጥ ቤት አካባቢ አይቀመጥ፤ ከውሻና ከሕፃናትም ይራቅ።

መሰብሰብ ለሚያስብ

ስብስብን የሚያበላሹት ስም መጥፋትና ዘር መቀላቀል ናቸው። ዘር የሚያፈሩ የተሰየሙ አይነቶች ፍሬያቸው ሳይበስል ይቀጠፍ፤ ካልሆነ ጉንዳኖች ዘሩን ይዘው በየቦታው ይበትኑትና ከዓመታት በኋላ በአንድ እጅብታ ውስጥ ወላጁን የሚመስል ግን ወላጁን ያልሆነ ይበቅላል። እያንዳንዱን አይነት በወንፊት ቅርጽ የፕላስቲክ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ መሬት መቅበር ኮረቶች እንዳይቀላቀሉ ይረዳል። መለያው ላይ በእርሳስ ይጻፍ፤ የብዕር ቀለም ፀሐይ ይበላዋል። መለያውን ወፍ ነቅሎ ሊጥለው ስለሚችል የቦታው ንድፍ በወረቀትም ይያዝ። ሁለተኛ ኮረት እንደተገኘ ደግሞ ሌላ ቦታ ይተከል፤ ሻጋታም ዝንብም አንድ ጥግ ሲመታ ሌላው ይቀራል።

ዝግተኛውን ለማፋጠን የሚሠራበት መንገድ ኮረት መሰንጠቅ ነው። በጁን የተኛውን ኮረት አጽድቶ፣ ሥሩንና ደረቅ ልባሱን አንስቶ፣ ጫፉን ጥቂት ቆርጦ፣ ከላይ ወደ ታች ለስምንት መሰንጠቅ። እያንዳንዱ ስንጣቂ ከታች የሥሩ መነሻ የሆነውን ንጣፍ ካልያዘ ምንም አያወጣም። ቢላው በየኮረቱ መካከል በአልኮል ይጠረግ። ስንጣቂዎቹ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ተነክረው ከተንጠፈጠፉ በኋላ በጥቂቱ በራሰ ቬርሚኩላይት (እርጥበት የሚይዝ ቀላል ማዕድን) በፕላስቲክ ከረጢት፣ አየር ተትቶለት፣ በጨለማ 20 ዲግሪ አካባቢ 12 ሳምንት ይቆዩ። በየሳምንቱ እያዩ የሻገተውን ማውጣት ነው። በንብርብሮቹ መካከል የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ትንንሽ ኮረቶች ሲታዩ በማሰሮ ይተከሉ፤ ለማበብ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋሉ። ቬርሚኩላይቱ በጣም መራሱ ዋናው የመክሸፊያ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ሙከራ በተራ ኤልዌሲ ያድርጉት፣ በሃምሳ ፓውንድ ኮረት አይደለም።

ለማን የትኛው?

በጀቱ ትንሽ ሆኖ ቦታው ሰፊ ከሆነ ገንዘቡን በሙሉ ከነቅጠሉ በሚሸጥ ኒቫሊስ ላይ ያውሉት፤ ከዚያ አሥር «አትኪንሲ» ጨምረው ከፊት ይትከሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚከፍተው እሱ ይሆናል።

ትንሽ ቦታ ኖሮ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ በየተራ የሚያብብ ለሚፈልግ አራት ይበቃሉ፦ ሬጂኔ-ኦልጌ በማሰሮ፣ «ባርንስ»፣ «ሚስስ ማክናማራ» እና «አትኪንሲ»። «ስሪ ሺፕስ» በዚህ መካከል ቅንጦት ነው፤ አፈሩ እርጥበት የሚይዝ ከሆነ ብቻ ይጨመር።

በጋው ደረቅ፣ አፈሩ ጠጠራማ ለሆነ ሰው ምርጫው ኤልዌሲ ነው፤ ኒቫሊስን በየዓመቱ እየገዙ መተካት አያዋጣም። አፈሩ ከባድና ጥላማ ከሆነ በተቃራኒው ወደ ፕሊካተስና ኒቫሊስ ማዘንበል ነው።

ከውጭ አገር ለማዘዝ የሚያስብ ሰብሳቢ ደግሞ ከዋጋው በፊት ወረቀቱን ይጠይቅ። ሁሉም የጋላንተስ ዝርያዎች ከ1990 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። የተኛ ኮረትም ቢሆን ድንበር ሲያልፍ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ከ2021 ወዲህ በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት መካከል ለሚላክ ትንሽ ፖስታም ጭምር። የፈቃዱ ወጪ ለአምስት ኮረትም ለሃምሳ ኮረትም ያን ያህል ስለማይለያይ ሰብሳቢዎች በቡድን ያዛሉ። ኮረቱ ከዱር የተነቀለ ሳይሆን በእርሻ የተራባ መሆኑን ሻጩ በጽሑፍ ካላረጋገጠ ትዕዛዙ ይቅር።